መስመር የማን ነው?

ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ዋጃ፣ የራያ ሜዳ ከምዕራብ ተራሮች ግርጌ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ በሚዘረጋበት ስፍራ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ዙሪያዋ ማሽላና ጤፍ የሚበቅልበት ቆላ ነው። በዚህ አገር ሰማዩ በሜዳው ላይ በሚሰስትበት ዓመት እንኳ በደጋው የጣለው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ ከተራራው ይወርዳል። ጎርፍ በባሕርዩ ወዳጅም ጠላትም አይደለም። የሚሄድበት መስመር ካልተበጀለት አዝመራውን ጠርጎ፣ አፈሩን ግጦ ያልፋል፤ በአፈር፣ በድንጋይና በቅርንጫፍ ተጠልፎ በቦይ ሲመራ ግን ያው ውሃ የማሽላው ሲሳይ ይሆናል።

ቦዩን አንድ ሰው ለብቻው አይቆፍረውም። ከላይ ያለው ማሳ ውሃውን ሁሉ ቢያስቀር የታችኛው ይደርቃል፤ የታችኛው ቦይ በደለል ቢደፈን ውሃው ተመልሶ የላይኛውን ያጥለቀልቃል። ስለሆነም መስመሩ በማን ማሳ በኩል ይለፍ፣ ስፋቱ ምን ያህል ይሁን፣ ተራው የማን ነው የሚሉት ጥያቄዎች ከአካፋና ከዶማ በፊት በምክር የሚፈቱ ናቸው። መስመር ሲወጣ ከእያንዳንዱ ገበሬ ፈቃድ ጥቂት ይቀነሳል። የተቀነሰው ፈቃድ ግን በከንቱ አይጠፋም፤ ውሃ ሆኖ ይመለሳል። እንግዲህ ሰው በጋራ ሥራ ውስጥ ከራሱ ፈቃድ ምን ያህሉን ለደንብ ቢሰጥ ተገቢ ነው? የትኛውንስ ፈጽሞ ሊሰጥ አይገባውም?

ይህ ጥያቄ ዛሬ ከእርሻ እጅግ የራቀ በሚመስል የሥራ መስክ፣ በኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊዎች ዘንድ፣ በየዕለቱ የሚነሣ ሆኗል። ከዋጃ ተነሥቶ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ይህን ሙያ የሚማር ወጣትም ከጓደኞቹ ጋር አንድ ሥራ አብሮ መጻፍ በጀመረ ዕለት ይገጥመዋል። ጥያቄው ሲታይ ትንሽ ነው፤ መስመሩ ከየት ይጀምር፣ የት ላይ ይቈረጥ የሚል ነው። ከትንሽነቱ በስተጀርባ ግን የኪነ ጥበብ ሰዎችን ዘወትር ሲያከራክር የኖረው የቅርጽና የይዘት ጉዳይ ቆሟል።

ፕሮግራም፣ ኮምፒውተር እንዲፈጽመው በሰው የሚጻፍ የትእዛዝ ጽሑፍ ነው። ይህ ጽሑፍ ሁለት አንባቢዎች አሉት። አንደኛው ኮምፒውተሩ ራሱ ሲሆን፣ ሁለተኛው ነገ ያንኑ ጽሑፍ የሚያርመውና የሚያስፋፋው ሰው ነው። በብዙዎቹ የፕሮግራም ቋንቋዎች ኮምፒውተሩ ለባዶ ቦታ ደንታ የለውም። ትእዛዙ በአንድ መስመር ቢጨናነቅም በአሥር መስመር ቢዘረዘርም ሥራውን እኩል ይሠራል። ሰው ግን የሚያነበው በዓይኑ ነው። ከግራው ጠርዝ ገባ ተደርጎ የተጻፈ መስመር ከበላዩ ላለው ሁኔታ ተገዢ መሆኑን፣ ወደ ጠርዙ የተመለሰው ደግሞ ራሱን የቻለ መሆኑን ሳያሰላስል ይረዳል። ቅርጹ ለኮምፒውተሩ ከንቱ ቢሆንም ለሰው የይዘቱ መንገድ ጠቋሚ ነው።

እያንዳንዱ ጸሐፊ ግን የየራሱ ልማድ አለው። አንዱ ገባ የሚያደርገው በታብ ቁልፍ ነው፤ ሌላው በሁለት ባዶ ቦታ፣ ሦስተኛው በአራት ነው። አንዱ ቅንፉን ከመስመሩ ጫፍ ሲያስቀምጥ ሌላው ለብቻው ወደ ታች ያወርደዋል። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰዓት በክርክር ጠፍቷል። ይህን ለማስቀረት ሲባል ጽሑፉን በአንድ ደንብ የሚያሰልፍ ፎርማተር የተባለ መሣሪያ ተፈጠረ። እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ የሆነው የጎ ቋንቋ እንዲህ ያለውን መሣሪያ ከራሱ ጋር ይዞ ወጣ፤ ለተጠቃሚው የተወለትም ምርጫ የለም ማለት ይቻላል። በ2017 ለጃቫስክሪፕት ፕሪቲየር፣ በ2018 ለፓይተን ብላክ የተባሉት ተከተሉ። ዛሬ ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድን በመሰለ ኤዲተር ላይ አንድ ቅንብር ካበሩ በኋላ፣ ጽሑፉ ሴቭ በተደረገ ቁጥር መሣሪያው መስመሮቹን በቅጽበት ያሰልፋቸዋል።

መሣሪያው የሚመራበት ደንብ በጥቂት መስመሮች ይጻፋል። የአንድ መስመር ወርድ ምን ያህል ፊደል ይያዝ፣ ገባ የሚባለው በስንት ባዶ ቦታ ይሁን፣ የጥቅሱ ምልክት ነጠላ ይሁን ወይስ ድርብ የሚሉት በዚያ ይወሰናሉ። እዚህ ላይ አንድ ታላቅ ቁም ነገር አለ። ደንቡ በየሰው ኤዲተር ውስጥ ተደብቆ ቢቀመጥ ሁለት ባልደረቦች የተለያየ ደንብ ይዘው በአንድ ጽሑፍ ላይ ይሠራሉ፤ አንዱ ሴቭ ባደረገ ጊዜ የሌላውን መስመር ያፈርሳል፣ ሌላውም በተራው የዚህኛውን ያፈርሳል፤ በሐሳቡ ላይ አንዲት ቃል ሳይጨመር መቶ መስመር ሲለዋወጥ ይውላል። ስለዚህ አስተዋዮች ደንቡን በፋይል ጽፈው ከሥራው ጋር በጋራው ማኅደር ያኖሩታል። ደንቡን አዲስ መጪውም ነባሩም እኩል ያየዋል፤ ይለወጥ ሲባልም ለውጡ በሁሉም ፊት ይሆናል። ሁለት ገበሬዎች ያንኑ ውሃ በሁለት ቦይ ሊመሩ ቢታገሉ ውሃው ለአንዳቸውም እንደማይደርስ ሁሉ፣ የማይታይ ደንብም ሥራ ያጠፋ እንደሆነ እንጂ አያለማም።

ይሁን እንጂ በዚህ የማይስማሙ አሉ፤ ክርክራቸውም በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ቅርጽ የሐሳብ ልብስ ሳይሆን አካሉ ነው ይላሉ። ባለቅኔ ስንኙን የት እንደሚቈርጥ በመሣሪያ አያስወስንም፤ ቤት የሚመታበትን ስፍራ ሌላ ሰው ቢያዛውርበት ግጥሙ ግጥም መሆኑ ይቀራል። ፕሮግራም ጸሐፊም ባለሙያ ነውና ከእጁ የወጣው ሥራ የእጁን ጠባይ ሊያሳይ ይገባዋል፤ አለዚያ ሁሉም በአንድ ቅርጽ የተጠፈጠፈ ሸክላ ይሆናል የሚል ነው። ከዚህም አልፎ ደንቡ ራሱ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ አለ። ለምሳሌ ፕሪቲየር ሌላ ካልተነገረው በስተቀር መስመሩን በ80 ፊደል ወርድ ያሰላል። ይህ ቁጥር በአንድ ወቅት ኮምፒውተሮች ይመገቡት የነበረው የሚበሳ ካርድ ቅርስ ነው፤ አይ.ቢ.ኤም. እ.ኤ.አ. በ1928 ያወጣው ካርድ 80 ዓምድ ነበረው። ካርዱ ከሥራ ከወጣ ስንት ዘመን ሆኖታል፤ ስፋቱ ግን ዛሬም የሰውን ዐረፍተ ነገር ይቈርጣል። ያላሰበበትን ደንብ የሚከተል ሰው ለሞተ ካርድ ይታዘዛል ቢባል ሐሰት አይደለም።

ክርክሩን ለመመዘን አንድ እውነተኛ ታሪክ ማንሣት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በየካቲት ወር 2014 የአፕል ኩባንያ ለስልኮቹ አስቸኳይ ማረሚያ አወጣ። ስሕተቱ የተገኘው፣ ስልኩ በኢንተርኔት የሚነጋገረው ከእውነተኛው ወገን ጋር መሆኑን በሚያረጋግጠው የፕሮግራም ክፍል ውስጥ ነበር። በዚያ ክፍል አንድ ሁኔታ ተጽፏል፤ «እንከን ከተገኘ» ይላል። ከሥሩ «ወደ ማቆሚያው ሂድ» የሚለው ትእዛዝ በስሕተት ሁለት ጊዜ ተደግሞ ሰፍሯል። ሁለቱም መስመሮች እኩል ገባ ብለው ስለተጻፉ ለዓይን ሁለቱም ለሁኔታው ተገዢ ይመስላሉ። በቋንቋው ሕግ ግን ተገዢው የፊተኛው ብቻ ነበር፤ ሁለተኛው እንከን ኖረም አልኖረም የሚፈጸም ሆነ። በዚህም ሳቢያ ከእርሱ በታች የነበረው ዋናው ምርመራ ሳይካሄድ ይታለፍ ጀመር። በመካከል የገባ አታላይ ራሱን እንደ እውነተኛው ወገን አድርጎ ሊያቀርብ የሚችልበት በር ተከፈተ።

እዚህ ላይ የዋሸው ይዘቱ አልነበረም። ይዘቱ ምን እንደሚፈጽም በግልጽ ተጽፎ ነበር፤ ኮምፒውተሩም የታዘዘውን ፈጽሟል። የዋሸው ቅርጹ ነው። በእጅ የተበጀው አሰላለፍ፣ ጽሑፉ የማይለውን እንደሚል አድርጎ ለአንባቢ አሳየ። ፎርማተር በዚያ ጽሑፍ ላይ ቢያልፍ ኖሮ ሁለተኛውን መስመር ወደ ግራው ጠርዝ መልሶ ያጋልጠው ነበር። እንግዲህ የመሣሪያው ትልቁ ጥቅም ማስዋብ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን። ቅርጹ ከይዘቱ ጋር እንዲስማማ ያስገድዳል፤ ጸሐፊው እጽፋለሁ ያለውንና የጻፈውን አስተያይቶ ያሳያል። የእጅን ነፃነት አጥብቆ የሚሟገት ሰው፣ እጅ ከነፃነቷ ጋር የመዋሸት ችሎታም እንዳላት አብሮ ሊያስብ ይገባዋል።

ሆኖም ከዚሁ ታሪክ ተቃራኒውንም መማር ይቻላል። መሣሪያው የተሳሳተውን መስመር ወደ ግልጽ ስፍራ ያወጣዋል እንጂ ስሕተት ነው አይልም። መስመሩ ለምን እዚያ እንደተቀመጠ ዐይቶ የሚደነግጠው ሰው ነው። ይህ በፓይተን ቋንቋ ይበልጥ ጐልቶ ይታያል። በፓይተን መስመሩ ገባ ማለቱ ራሱ ትርጉም ነው፤ አንዲት መስመር በአራት ባዶ ቦታ ወደ ግራ ብትሳብ ትእዛዙ ሌላ ይሆናል። ብላክ በቃላት መካከል ያለውን ክፍተት ያስተካክላል፣ ረጅሙን መስመር ያጥፋል፤ ጸሐፊው አንዲቱን መስመር ከየትኛው ሁኔታ ሥር ሊያደርግ እንዳሰበ ግን ሊያውቅ አይችልም። ያን የሚያውቀው ያሰበው ብቻ ነው። ቅርጽ ትርጉም በሆነበት ስፍራ መሣሪያው እጁን ይሰበስባል። በጥቅስ ምልክት ውስጥ ያለውንም ቃል አይለውጥም፤ ፕሮግራሙ በውስጡ አንድ የአማርኛ ግጥም ቢይዝ፣ ዙሪያው ሁሉ ሲሰለፍ የግጥሙ ቃል እንደተጻፈ ይኖራል።

ነገር ግን በትርጉምና በልማድ መካከል ያለው ድንበር ሁልጊዜ ግልጽ አይደለም። አንድ ወጣት ስለ ፊደላችን የሚያስተምር ፕሮግራም ጻፈ እንበል። 33ቱን የፊደል ቤተሰቦች ከግእዝ እስከ ሳብዕ፣ በሰባት በሰባት ረድፎ፣ በልጅነቱ በየኔታ ፊት እየጠቆመ እንዳነበባቸው ጻፋቸው። በመጻፊያው ግን 231ዱም የአንድ ወጥ ዝርዝር አባላት ናቸው። ሴቭ ባደረገ ጊዜ ፎርማተሩ ከወርዱ ያለፈ ዝርዝር ሲያገኝ እንደሚያደርገው፣ እያንዳንዱን ፊደል በየራሱ መስመር አስቀምጦ ሰንጠረዡን ወደ 231 መስመር ይበትነዋል። ለኮምፒውተሩ አንዳች አልተለወጠም። ለሰው ግን ትልቅ ነገር ጠፍቷል፤ ግእዙ ከግእዝ፣ ካዕቡ ከካዕብ በታች ቆሞ ይታይ የነበረው ሥርዓት የለም፤ አንድ ፊደል ተዘልሎ ቢሆን በአንድ እይታ ይገኝ የነበረው ስሕተት አሁን ተሸሽጓል። የመሣሪያዎቹ ሠሪዎች ይህን አስቀድመው ስላሰቡ በር ትተዋል። በፕሪቲየርም በብላክም ጸሐፊው አንዲት አጭር ማስታወሻ ጽፎ «ይህን ክፍል ተወው» ሊል ይችላል። በሩ ከደንቡ ውጭ የተሰረቀ አይደለም፤ የደንቡ ክፍል ነው። የሚጠቀምበትም ሰው ለምን እንደተጠቀመ ለባልደረቦቹ ማስረዳት ይኖርበታል።

የፊደል ነገር ከተነሣ፣ አማርኛችን ራሱ በዚህ ፈተና ውስጥ እያለፈ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ ስሪት የየራሱን ቁጥር ሲያገኝ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ እንዲሁም ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ ተለይተው ተመዘገቡ። ይሁንና የአማርኛን ጽሑፍ በኮምፒውተር የሚመረምሩ ሰዎች፣ ድምፃቸው አንድ የሆነውን ፊደላት በቅድሚያ ወደ አንድ መመለስን የተለመደ ሥራ አድርገውታል። ቃል ለመፈለግ ሲባል ይህ ይጠቅማል፤ ዓለምን በዐይኑም በአልፋውም የጻፉት ሰዎች ጽሑፍ አብሮ ይገኛል። ዳሩ ግን በግእዝ ሠረቀ ፀሐይ ወጣች ሲል፣ ሰረቀ ደግሞ የሌባ ሥራ ነው። ሠዐለ ሥዕል ሣለ ማለት ሲሆን ሰአለ ለመነ ማለት ነው። ሁለቱን አንድ የሚያደርግ መሣሪያ ባዶ ቦታ አላስተካከለም፤ ፀሐይዋን ከሌባው፣ ሠዓሊውን ከለማኙ አደባልቋል። ለፍለጋ በተዘጋጀ ግልባጭ ላይ ቢደረግ አገልግሎት ነው፤ በዋናው ጽሑፍ ላይ ቢደረግ ጥፋት ነው። ተቃራኒውንም አብነት ማስታወስ ይገባል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የሚጠብቁትን ፊደላት በምልክት አመልክተዋል። ለቅርጹ የጨመሩት ትርጉሙን ለመርዳት ነበር። ቅርጽን መለወጥ በራሱ የሚያስነቅፍ አይደለም፤ ለማን አገልግሎት፣ በማን ፈቃድ የሚለው ነው ፍርዱን የሚሰጠው።

ሌላም የሚታይ ነገር አለ፤ እርሱም የድካም ባለቤትነት ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የፈጠረው ጊት የተባለው መዝገብ፣ በጋራ በሚጻፍ ፕሮግራም እያንዳንዱን መስመር ማን መቼ ለመጨረሻ ጊዜ እንደነካው ያሳያል። አሥር ሰዎች ለዓመታት የደከሙበት ሥራ አንድ ቀን ሙሉ በሙሉ በፎርማተር ቢያልፍ፣ በመዝገቡ ላይ መስመሮቹ ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር መጠን ቁልፉን በተጫነው ሰው ስም ይጻፋሉ። አንዲት መስመር ያላሰበ ሰው የሥራው ሁሉ ደራሲ መስሎ ይታያል። የሌሊቱን እንቅልፍ ሰውቶ ከባዱን እንቆቅልሽ የፈታው ሰው ስም ከባዶ ቦታ በታች ይቀበራል። ነገሩ የክብር ብቻ አይደለም፤ ነገ አንድ መስመር ግራ ያጋባው ሰው ማንን እንደሚጠይቅ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2019 የወጣው የጊት ስሪት ይህን የሚያቃና መንገድ አመጣ። እንዲህ ያሉትን የማሰለፍ ሥራዎች መለያ ቁጥር በአንድ ፋይል ዘርዝሮ፣ ባለቤት ሲፈለግ እነርሱን ዝለላቸው ማለት ተቻለ። ማዘዣውን ግን ሰው ካልጻፈው መሣሪያው በገዛ ራሱ አይጽፈውም። አሰላለፉን ያመጣ ሰው የቀደሙትን ስም የመጠበቅ ግዴታም አብሮ ይመጣበታል።

ደንብ ሲመጣ ጥቅሙን የሚቈጥር ብዙ ነው፤ ድካሙን የሚቈጥር ግን ጥቂት ነው። በ2000ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጤፍን በመስመር መዝራት በአገራችን በሰፊው ሲመከር የነበረው ምክንያት የሚናቅ አልነበረም። በብተና ለአንድ ሔክታር 30 ኪሎ ግራምና ከዚያም በላይ የሚፈስሰው ዘር፣ በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት በመስመር ሲዘራ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ግራም ይበቃዋል ተብሎ ነበር። ሰብሉም አየርና ብርሃን ያገኛል፤ ለአረምም ይመቻል። ይሁን እንጂ የጤፍ ፍሬ ደቃቅ ናት፤ ይህችን ፍሬ በመስመር ለማኖር የሚጠይቀው ጉልበት ከብተናው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ስለሆነ ብዙ ገበሬዎች ወደ ቀድሞው ተመለሱ። መስመሩ ቀጥ ብሎ ማማሩን ከመንገድ ሆኖ የሚያይ ሁሉ ያውቃል፤ ዋጋውን የሚያውቀው ግን ጎንበስ ያለው ነው። በፕሮግራም ሥራም እንዲሁ፣ ደንቡን የሚያወጣው ሰው ከደንቡ በታች ተቀምጦ የሚጽፈውን ሳይጠይቅ ቢያወጣው፣ ቅርጹ ያምራል፤ ሥራው ግን ይንከላወሳል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ ምንድን ነው? ሰው ልማዱን ለደንብ ቢሰጥ አይጐዳም። ሁለት ባዶ ቦታ ወይስ አራት የሚለው ምርጫ የማንም ነፍስ አልተንጠለጠለበትም፤ በእርሱ መሟገት የቀረለት ሰው ሰዓቱን ለሐሳቡ ያውለዋል። ሊሰጥ የማይችለው ኃላፊነቱን ነው። መስመሩን መሣሪያ ቢያሰልፈውም መስመሩ ምን እንደሚል የሚጠየቀው ሰው ነው። «መሣሪያው እንዲህ አደረገው» የሚለው መልስ፣ ፀሐይዋ ከሌባው ጋር ለተደባለቀችበት አንባቢም፣ ስሙ ለተቀበረበት ባልደረባም መልስ ሊሆን አይችልም። ስለዚህም ደንቡ በግልጽ የተጻፈ፣ በሚሠሩበት ሰዎች የተመከረበት፣ «ይህን ተወው» ለሚል ምክንያት በር ያለው፣ የቀደመውን ድካም የማያጠፋ ሲሆን ነው ሰው በፈቃዱ ሊገባበት የሚገባው።

በራያ ቆላ ክረምቱ ሲያልፍ ጎርፉ የአፈሩን ጥልፍ ሰብሮት፣ ቦዩንም በደለል ሞልቶት ይሄዳል። በሚመጣው ዓመት ገበሬዎቹ እንደገና ይሰበሰባሉ፤ ያለፈው መስመር የት እንደነበረ ያያሉ፤ ውሃው መንገዱን ለውጦ እንደሆነም ይመረምራሉ። መስመሩ አምና ስለተቆፈረ ብቻ ዘንድሮ አይደገምም፤ የአምናው ስለፈረሰም ያለ መስመር አይታደርም። አካፋቸውን ከማንሣታቸው በፊት ማሳው በታች በኩል ያለውን ሰው ይጠሩታል።